ከዌምብሌይ እስከ ሳውዝኤንድ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ጁላይ 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አንድ የ25 ዓመት ወጣት በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ወደ ክብር ትሪቡኑ የሚያወጣውን ደረጃ ይወጣ ነበር፡፡ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበል ቦቢ ሙር ነው፡፡ ቡድኑ ምዕራብ ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የዓለም ዋንጫን ወስዷል፤ ዋንጫውን የሚያስረክቡት ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ናቸው፡፡ ወጣቱ ከላይ ሊደርስ ሲቃረብ የንግሥቲቱን ነጭ ጓንት አየ፡፡ የገዛ እጁንም አየ፤ በላብና በአፈር ቆሽሿል፡፡ እናም ድሉን ለአፍታ ረስቶ፣ እጁን በትሪቡኑ ጠርዝ ላይ በተነጠፈው ከፋይ ጨርቅ ጠረገ፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ንግሥቲቱን የጨበጠው፡፡

ስለ ቦቢ ሙር የሚጻፈው ብዙው ነገር ከዚያች ቅጽበት ይነሣል፤ እዚያው ላይም ያበቃል፡፡ ጀግናን በድሉ ቀን ተሰናብቶ መሄድ ለጸሐፊም ለአንባቢም ይቀላልና፡፡ እኔ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት ከዚያ ቀን ሃያ ዓመት በኋላ ስላለው ሰው ነው፡፡ በ1986 ዓ.ም. ይኸው አምበል የመጨረሻ የአሠልጣኝነት ሥራውን ለቀቀ፡፡ የለቀቀው ቡድን ሳውዝኤንድ ዩናይትድ ይባላል፤ ይጫወት የነበረውም በአራተኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በእንግሊዝ ሊግ የመጨረሻ እርከን ነው፡፡ የዓለም ዋንጫን ያነሣ ሰው እንዴት እዚያ ደረሰ? ለምንስ ከዚያ ከፍ አላለም?

ሙር በ1941 ዓ.ም. ከለንደን በስተምሥራቅ በምትገኘው ባርኪንግ ተወለደ፡፡ በ17 ዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ለዌስት ሃም ዩናይትድ ተሰልፎ ማንቸስተር ዩናይትድን ገጠመ፡፡ ፈጣን ሯጭ አልነበረም፤ በአየር ላይ ኳስም አልተመሰገነም፡፡ እነዚህ ሁለቱ የጎደሉት የመሀል ተከላካይ ምን ይቀረዋል? ለሙር የቀረለት ጨዋታን ማንበብ ነው፡፡ ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የምትመጣበትን ያውቃል፤ ስለዚህ መሮጥ ብዙም አያስፈልገውም ነበር፡፡ በ1970 ዓ.ም. በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ ብራዚል እንግሊዝን 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ዣይርዚኞ በሙሉ ፍጥነቱ ወደ ግብ ሲገሰግስ፣ ሙር ሳይቸኩል ጠብቆ ኳሷን ብቻ ከእግሩ ሥር ነጠቀው፡፡ ጨዋታው እንዳለቀ እርሱና ፔሌ ማሊያ ሲለዋወጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፡፡

የዚህ ተሰጥዎ ትልቁ ምስክር ግን የ1966ቱ ፍጻሜ የመጨረሻ ደቂቃ ነው፡፡ እንግሊዝ 3 ለ 2 ትመራለች፤ ጀርመኖች አቻ ለመሆን ሁሉም ወደ ፊት ወጥተዋል፡፡ ኳሷ በእንግሊዝ ግብ አቅራቢያ ሙር ዘንድ ደረሰች፡፡ የተከላካይ መስመር ጓደኛው ጃክ ቻርልተን ከሜዳ ውጭ ጠልዛት እያለ ይጮኽበታል፡፡ ሙር አልጠለዘም፡፡ ቀና ብሎ አየና ከመሀል ሜዳ ወዲያ ለነበረው ለጄፍ ኸርስት በረጅሙ አሻገረለት፡፡ ኸርስት ለራሱ ሦስተኛውን፣ ለቡድኑ አራተኛውን ግብ አስቆጠረ፡፡ እነዚህን ሁለት ሰዎች፣ የጮኸውንና ዝም ያለውን፣ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ፡፡

የሙር ዝምታ የሜዳ ላይ ብቻ አልነበረም፡፡ በ1964 ዓ.ም. ዌስት ሃም የኤፍ.ኤ. ዋንጫን ሲወስድ አምበሉ እርሱ ነበር፤ የእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተብሏል፡፡ በዚያው ዓመት የዘር ፍሬ ካንሰር ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምና አንደኛው ወጣለት፡፡ ይህ ለሕዝብ አልተነገረም፡፡ በ1965 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ አነሣ፤ በ1966 የዓለምን፡፡ ያጨበጨበለት ሕዝብ የሚያየው ንጹሕ ማሊያና የረጋ ፊት ነበር፡፡ ቁስሉን አላየም፡፡

ለሀገሩ 108 ጊዜ ተሰለፈ፤ ከእነዚህም በ90ው አምበል ነበር፡፡ የመጨረሻው ጨዋታው በ1973 ዓ.ም. በዌምብሌይ ጣሊያን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ነው፡፡ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ፉልሃም ተዛወረ፡፡ በ1975 ዓ.ም. ከፉልሃም ጋር ለኤፍ.ኤ. ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ከፊቱ የቆመው የገዛ ቡድኑ ዌስት ሃም ሆነና 2 ለ 0 ተሸነፈ፡፡ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያም ዴንማርክ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ፡፡

የአሠልጣኝነት ኑሮው በ1979 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ሲቲ ተጀመረ፡፡ ይህ ከሊጉ ውጭ ያለ፣ ተጫዋቾቹ ኑሯቸውን በሌላ ሥራ የሚገፉበት ትንሽ ቡድን ነው፡፡ ረዳቱ በዌስት ሃም አብሮት የተጫወተው ሃሪ ሬድናፕ ነበር፡፡ ሬድናፕ ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን አልተሰለፈም፡፡ ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ፖርትስመዝን ለኤፍ.ኤ. ዋንጫ ያበቃው ይኸው ረዳት ነው፡፡ አለቃው የኦክስፎርድ ሲቲ ቆይታውን በ1981 ዓ.ም. ሲያበቃ ትልልቆቹ ቡድኖች አልጠሩትም፡፡

በፌብሩዋሪ 1984 ዓ.ም. ሳውዝኤንድን ያዘ፡፡ ሳውዝኤንድ የቴምስ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ ያለች የባሕር መዝናኛ ከተማ ናት፤ የቡድኑ ሜዳ ሩትስ ሆል ይባላል፡፡ ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፡፡ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 20ኛ ወጣ፡፡ የዚህን ቁጥር ትርጉም ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማወቅ ያሻል፡፡ በአራተኛው ዲቪዚዮን 24 ቡድኖች ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ በሊጉ ለመቆየት በሌሎቹ ቡድኖች ፊት ቀርበው ድምፅ መለመን ነበረባቸው፡፡ 20ኛ ማለት እንግዲህ ከልመና አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መቆም ነው፡፡ የዓለም ዋንጫ አምበል የዚያን ዓመት ድሉ ይህ ነበር፤ አለመለመን፡፡ በ1985 የቀድሞ የዌስት ሃም ባልደረባው ፍራንክ ላምፓርድ፣ የዛሬው ስመ ጥር ፍራንክ አባት፣ ሊጫወትለት መጣ፡፡ በ1986 ቡድኑ 9ኛ ሆነ፡፡ ሙር የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፡፡ ሳውዝኤንድ በቀጣዩ ዓመት በሌላ አሠልጣኝ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ተመለሰ፡፡

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ፡፡ ያ ጠልዛት እያለ የጮኸው ጃክ ቻርልተን በ1974 ዓ.ም. ሚድልስብሮን ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አሳደገ፤ በ1990 ዓ.ም. አየርላንድን ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አበቃ፡፡ በተሰጥዎ እጅግ የሚበልጠው ታናሽ ወንድሙ ቦቢ ቻርልተን ግን በ1973 ፕሪስተንን ይዞ በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፡፡ ሙርም እንዲሁ፡፡ ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፡፡ ሜዳ ላይ የሚጮህ ሰው የሚያደርገውን በቃል ያውቀዋል፤ ያወቀውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፡፡ ዝም ብሎ የሚያየው ግን የሚያየውን ከየት እንዳመጣው ራሱም አይነግርህም፡፡ ለአራተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች ‹ኳሷ ከመምጣቷ በፊት እወቃት› ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ቅኔ ዘራፊው ሁሉ የቅኔ መምህር አይሆንም፡፡ የአምበል ሥልጣን በመካከላቸው መቆሙ ነው፤ አሠልጣኝ ግን ከመስመሩ ውጭ ነው የሚቆመው፣ ያለው መሣሪያም ቃል ነው፡፡ ሙር ከመስመሩ ሲወጣ ትልቁ ሀብቱ ሜዳው ውስጥ ቀረ፡፡

ይህን ስል የሀገሩን ጥፋት መሸፈኔ አይደለም፡፡ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ይህን ሰው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ለአንድም ቋሚ ኃላፊነት አላበቃውም፡፡ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው፡፡ ሙር ከሳውዝኤንድ በኋላ በጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅነት፣ ከዚያም በለንደን ሬዲዮ የጨዋታ ተንታኝነት ኖረ፡፡ በአደባባይ ሲያማርር አልተሰማም፡፡

በፌብሩዋሪ 1993 ዓ.ም. የአንጀትና የጉበት ካንሰር እንዳለበት ለሕዝብ አስታወቀ፡፡ ይህን ባለ በቀናት ውስጥ፣ በ17ኛው ቀን፣ በዌምብሌይ የሬዲዮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝንና የሳን ማሪኖን ጨዋታ ተነተነ፡፡ በ24ኛው ቀን ዐረፈ፡፡ 51 ዓመቱ ነበር፤ ከ1966ቱ የፍጻሜ ተሰላፊዎች ቀድሞ የሞተው እርሱ ነው፡፡ የዌስት ሃም ሜዳ በር በአበባና በአንገት ልብስ ተሞላ፡፡ በ2007 ዓ.ም. በአዲሱ ዌምብሌይ ፊት የነሐስ ሐውልቱ ቆመ፡፡ በ2008 ዓ.ም. ዌስት ሃም 6 ቁጥር ማሊያውን ለማንም እንዳይሰጥ ወሰነ፡፡ ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም፡፡

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፡፡ የጡረታ ክፍያ በሚደርስበት ሳምንት ከመስኮቴ ፊት ብዙ ሽማግሌዎች ይሰለፋሉ፡፡ አንዳንዶቹን በወጣትነታቸው ምን እንደ ነበሩ የማውቃቸው ከጎናቸው የቆመ ሰው ሹክ ሲለኝ ነው፡፡ እነርሱ ግን ደብተራቸውን አቀብለው፣ ፈርመው፣ ብራቸውን ቆጥረው ይሄዳሉ፡፡ ስለ ሳውዝኤንዱ ሙር ሳነብ ፊቴ ላይ የሚደቀኑት እነርሱ ናቸው፡፡ ዋንጫ ላነሡበት ቀን ሐውልት ይቆማል፤ ከ20ኛ ወደ 9ኛ ለወጡባቸው ሁለት ዓመታት ግን ማንም ድንጋይ አያኖርም፡፡ እኔ ግን የሰውየውን ልክ ያየሁት እዚያ ነው፡፡ ከዓለም ጫፍ ላይ የነበረ ሰው፣ የማይችለውን ሥራ፣ ማንም በማያይበት ሜዳ፣ ሳያማርር ሠራ፡፡ ሲወጣም እንደ ገባ በንጹሕ እጅ ወጣ፡፡