ስለ እርሻና ስለ ደካሞች

ደካማ ሰው ሁለት ነገር ይጐድለዋል። አንደኛው እንጀራ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ቍጥር መግባት ነው። እንጀራ የሚሰጥ ሰው በየመንደሩ አይታጣም፤ ሀገራችንም በዚህ አትታማም። ነገር ግን አእምሮው የታመመውን፥ ዐይኑ የጠፋውን፥ ሽማግሌውንና ባሏ የሞተባትን ሴት «የአንተም ድርሻ አለ፤ የአንቺም እጅ ይፈለጋል» ብሎ ከሥራ ማኅበር የሚያገባ ሰው ጥቂት ነው። እንጀራውን ሰጥቶ ቦታውን የነሣ ሰው ግማሽ ምጽዋት ሰጠ እንጂ ሙሉ አልሰጠም። ስለዚህም ነገር የደቡብ ጎንደር ደጋ ምን እንደሚያስተምረን ጥቂት እንናገራለን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያኽል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የታሪክ ጸሐፊዎች ስሟን ሲያነሡ ስለ የጁ መሳፍንትና ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በአጠገቧም በጋፋት ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ይተርካሉ። በጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች ስለሚያመርተው ገበሬ ግን ብዙ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ያ ታላቅ መድፍ በመቅደላ አፋፍ ላይ ዝም ብሎ ሲቀር፥ የገበሬው ደቦና ወንፈል ከዘመን ወደ ዘመን ተሻግረዋል።

ወንፈል ማለት ጉልበትን በጉልበት መለዋወጥ ነው፤ ዛሬ የእኔን አጭደን ነገ የአንተን እናጭዳለን። ደቦ ግን ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ፥ ምግብ አሰናድቶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። በሬው የሞተበት ወይም በእርሻ ወራት የታመመ ሰው ማሳው ጦም እንዳያድር ጎረቤት የሚደርስለት በዚህ ሥርዓት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው ተረት ለጌጥ የተነገረ አይደለም።

ደግሞም የደጋ እርሻ ለእያንዳንዱ ዐቅም የሚስማማ ሥራ አለው። ጉልበት ያለው ያርሳል፤ የሌለው ጥጃ ይጠብቃል፤ ልጅ ከማሳው ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላል፤ አሮጊት ተቀምጣ ትፈትላለች ወይም ምስር ትለቅማለች። በአውድማ ላይ በሬ መንዳት ብዙ ንግግር አይፈልግም፤ ስለዚህ ከሰው ጋር መነጋገር የከበደው ሰው እንኳ ከበሬዎቹ ኋላ ሲሄድ ከባልንጀሮቹ ጋር አብሮ ይውላል። እንስሳ የሰውን ያለፈ ታሪክ አይጠይቅም፤ ዘርም የዘሪውን ስም ሳያይ ይበቅላል። የዝናቡና የአጨዳው ተራ ለቀኑ ሥርዓት ይሰጠዋል፤ የድካሙም ፍሬ በዐይን ይታያል።

ይህን የተረዱ በሌላው ዓለምም ነበሩ። በቤልጂግ ሀገር በጌል ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ቤተ ሰቦች የአእምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው ተቀብለው አብረው በልተዋል፥ በእርሻም አብረው ሠርተዋል። ዊልያም ቱክ የሚባል የሻይ ነጋዴም በእንግሊዝ ሀገር በዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1796 ዓ.ም. ለሕሙማን ቤት ሲከፍት፥ በዚያ ዘመን ተለምዶ በነበረው በሰንሰለት ፋንታ ርኅራኄንና የአትክልት ሥራን መድኃኒት አደረገ። በዘመናችንም በሆላንድ ብዙ ገበሬዎች ሕሙማንንና ሽማግሎችን ቀን ቀን ከማሳቸው እያዋሉ ይንከባከባሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከነበሩት ከብዙዎቹ የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ጋር ሰፊ እርሻ ነበረ፤ ሕሙማኑም ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ይሠሩበት ነበር። ሥራው ያው ሥራ፥ አፈሩም ያው አፈር ነው፤ ልዩነቱ ሰው ስለ ሥራው መያዙ ወይም ሥራው ስለ ሰው መሰጠቱ ነው። በእኛም ዘንድ ደቦ ጉድለት አለበት። ደቦው በመጣበት ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋ ታርሶላት ትደሰታለች፤ ልማዱ ግን እርፍ እንድትጨብጥ አልፈቀደላትም። ስለዚህ በሌላው ጊዜ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ እኩሌታውን ታጣለች። ልማዱ አዘነላት እንጂ አላስቻላትም።

ይህን ነገር የጠየቀ አንድ ሰው ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ተነሣ። አቶ ዙምራ ኑሩ ከገበሬ ቤት የተወለዱ፥ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ናቸው። ራሳቸው እንደ ተረኩት፥ በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውላ ስትመለስ፥ አባት ሲያርፍ እናት የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻዋን ስትሠራ አይተው «ለምን?» አሉ። በዚህና ይህን በመሰለ ጥያቄያቸው ምክንያት አእምሯቸው እንደ ታወከ ተቈጠሩ። እነሆ፥ ከሰው ቍጥር መውጣት ምን እንደ ሆነ በራሳቸው አዩት።

በ1964 ዓ.ም. ከዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጋር ሆነው በፎገራ ወረዳ፥ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል አውራ አምባ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሥራ በፆታ መከፈሉ ቀረና በዐቅምና በችሎታ ሆነ፤ ሴት አረሰች፥ ወንድ ፈተለ። ሽማግሎችና ጧሪ የሌላቸው ደግሞ የሚኖሩበት ቤት ተሠራላቸው፤ የሚያጥባቸውና የሚመግባቸው ሰው ተመደበላቸው። ለእነርሱም መርጃ እንዲሆን አባላቱ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለይተው ይሠሩ ነበር። የቻለ ይሠራል፤ ያልቻለ ግን ሳይሠራ ይከበራል። ከእነዚያ ያለ ደመወዝ ከሚያሠሩ ቤቶች የሚለየውም ይህ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ግን በአኗኗራቸው አልተደሰቱም፤ ነገርም በዛባቸው። በደርግ ዘመን ተከሰው በ1981 ዓ.ም. መንደራቸውን ትተው እስከ ከፋ ምድር እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ የቀደመውን መሬታቸውን አላገኙትም፤ ለማኅበሩ ሁሉ የደረሳቸው 17 ሄክታር ተኩል ያኽል ብቻ ነበር። ይህ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ምግብ እንደማይሆን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እነርሱ ግን ወደ ሽመና ዞሩ፤ ወፍጮም ተከሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም እህላቸውን ተሸክመው ሊያስፈጩ ወደዚያው መጡ። ቀድሞ የራቃቸው ሰው በወፍጮው ደጅ ተራ ሲጠብቅ ከእነርሱ ጋር መነጋገር ግድ ሆነበት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ደካማውን የሚያድነው መሬቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ መሬቱ ሲወሰድ ማኅበሩም የሽማግሎቹም ቤት በፈረሰ ነበር። ሞፈሩ በመወርወሪያ ቢለወጥም ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም፤ የእያንዳንዱን ዐቅም አይቶ ቦታ መስጠት፥ ዐቅም ያለቀበትንም ሳያሳፍሩ መያዝ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ከጥግ የተቀመጠ ሰው ቢኖር፥ ምግቡ መድረሱን ብቻ አትጠይቅ። ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ፤ ሊሠራው የሚችል ምን ሥራ አለ? የድካሙ ፍሬስ ለእርሱ ይደርሰዋልን? ሥራውን ያቃተው ዕለትስ ክብሩ እንደ ትላንቱ ይቈይለታልን? ሦስቱንም «አዎን» ብለህ መመለስ ከቻልህ፥ ማሳህ ትንሽ ብትሆንም ለሰው ትበቃለች። ካልቻልህ ግን ጎተራህ ሞልቶ ሳለ በቤትህ የተራበ ሰው አለ።