ካርታውና ገበያው፦ የጂኦፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ በአራዳ ታሪክ ሲመዘን

የአንድን አገር የውጭ ግንኙነት ለማስረዳት ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚዘረጋው ካርታ ነው። ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢዋ በሚሰጠው የታሪክ ትምህርትም ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ቀይ ባሕር፣ የባብ ኤል መንደብ ሰርጥና የዓባይ ምንጭ ይጠቀሱና፣ ኃያላን መንግሥታት ወደ አካባቢው የመጡት ለእነዚህ ሲሉ መሆኑ ይነገራል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ተማሪው ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የአገሩ ዕድል በአቀማመጧ አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወደሚል መደምደሚያ እንዳይደርስ ያሠጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጂኦፖለቲካን ንድፈ ሐሳብ ጥቅምና ጉድለት በአንድ ውሱን ሥፍራ፣ ማለትም በአዲስ አበባ በአራዳና በፒያሳ ታሪክ መመዘን ነው።

1. የንድፈ ሐሳቡ አመጣጥ

«ጂኦፖለቲካ» የሚለውን ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ሩዶልፍ ሼሌን ነው። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን አልፍሬድ ማሃን እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንግሥታት ኃይል በባሕርና በባሕር መተላለፊያዎች ላይ ባላቸው ቁጥጥር የሚመሠረት መሆኑን አስተማረ። እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በጥር 1904 ለለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ የዓለም ታሪክ ምሰሶ የባሕር ኃይል በማይደርስበት በመካከለኛው ዩራሲያ ምድር የሚገኝ መሆኑን አስረዳ። ሊቃውንቱ በሐሳብ ይለያዩ እንጂ ዓለምን የተመለከቱት ከታላላቅ መንግሥታት መናገሻ ሆነው ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት የአፍሪካ ቀንድ በዋነኛነት ወደ ሕንድ የሚያደርስ መንገድ ዳር ነው፤ የሚኖርበት ሕዝብና የሚያስተዳድረው መንግሥት በሥዕሉ ላይ ጎልተው አይታዩም።

2. ንድፈ ሐሳቡ የሚያስረዳው

የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ሲከፈት በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው መሬት ዋጋው በአንድ ጊዜ ጨመረ። በዚያው ዓመት አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ባደረጉት ውል በምጽዋ በኩል ነፃ የዕቃ መተላለፊያ እንዲኖራቸው ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። ከውሉ ሲነሡ ግራ የሚያጋባው ይህ ድርጊት ከካርታው ሲነሡ ግልጽ ይሆናል፤ እንግሊዝ ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ ፈረንሳይ እንዳትሻማት ኢጣሊያን በዳርቻው ማየት መርጣለችና።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በለንደን የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውልም እንዲሁ ነው። ውሉ የኢትዮጵያን አንድነት እንደሚያከብር ቢገልጽም፣ የዓባይን ተፋሰስ ለእንግሊዝ፣ የባቡሩን መስመር ለፈረንሳይ፣ የኤርትራንና የሶማሊያን ጀርባ ለኢጣሊያ ጥቅም የሚለይ ነበር። የካርታው ትምህርት እስከዚህ ድረስ በሚገባ ይሠራል።

3. አራዳ የሚመሰክረው

ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማይቱ የንግድ እምብርት ሆነ። በዙሪያውም ሕንዳውያን፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ። ከእነዚህ መካከል አርመኖችና ግሪኮች በአካባቢው ቅኝ ግዛት የያዘ መንግሥት ከኋላቸው ያልነበራቸው መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

በዚሁ በአራዳ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባንኩን ያቋቋመው የእንግሊዝ ተጽዕኖ ያየለበት የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። የባቡሩ ሥራ ግን የተያዘው በፈረንሳውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ለተከፈተው ለዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ደግሞ መምህራን የመጡት ከግብፅ ኮፕቶች ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ኢጣሊያንኛ ጎን ለጎን ይሰጡበት ነበር። ከውጤቱ ሲታይ ባንኩን፣ ባቡሩንና ትምህርት ቤቱን አጠቃልሎ የያዘ አንድም የውጭ መንግሥት አልነበረም።

ይህ የአሠራር ዘይቤ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ሌሎች ድርጊቶች ያስረዳሉ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ኩባንያው ጋር ባደረገው ስምምነት መስመሩን በቁጥጥሩ ሥር ማስገባቱ ሲታወቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ተቃወሙ፤ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ሥራም ለዓመታት ቆመ። የሦስትዮሹ ውል ሲቀርብላቸውም ስለ ማሳወቃቸው አመስግነው፣ ስምምነቱ ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን በምንም መንገድ የማይወስን መሆኑን አስታወቁ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር ሐዲድ በመካከላቸው በተለዋወጡት ደብዳቤ ላይ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር በመውሰድ ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አለማሰባቸውን እንዲገልጹ አደረጉ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የአቢሲንያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ።

ይሁን እንጂ የዚህ ብልሃት ወሰን መታወቅ አለበት። ኃያላኑን ማመዛዘን የሚቻለው እነርሱ እርስ በርስ እስከ ተፎካከሩ ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1935 ፈረንሳይ ከኢጣሊያ ጋር በሮም ስትስማማ የሚዛኑ አንዱ ወገን ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ወረራው ተጀመረ። ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከአራዳ አነሣ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጊዜ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ጋየ፤ ገበያውም ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ተዛወረ። ሐውልቱ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ «ፒያሳ» የሚለው ስም ግን ቀረ።

4. ካርታው ያልመለሰው ጥያቄ

ንድፈ ሐሳቡን በይበልጥ የሚፈትነው በኋላ የሆነው ነው። በ1945 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው የመገናኛ ጣቢያን ይዛ ቆየች፤ በዚያ ዘመን ሶቭየት ኅብረት የሶማሊያ ወዳጅ ሆነች። በ1969 ዓ.ም. ጣቢያው ተዘጋ፤ በ1970 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች፤ ሶማሊያም ወደ ምዕራቡ ዞረች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሰርጡ አልሰፋም፣ ባሕሩም አልጠበበም። የተለወጠው በአዲስ አበባና በሞቃዲሾ የሚወሰነው ውሳኔ ነበር። ካርታው ኃያላኑ ለምን እንደ መጡ ይናገራል፤ ከማን ጋር እንደሚቆሙና በምን ውል እንደሚቆዩ ግን ከካርታው ላይ ሊነበብ አይችልም።

5. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መምህሩ ካርታውን ሲዘረጋ «ይህን ቦታ የሚፈልገው ማነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በቦታው የነበሩት ምን መለሱ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ያረጀ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ስለ ዓባይ ውኃ የተፈራረሙት ውል፣ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ክርክር ውስጥ በግብፅ በኩል ሲጠቀስ ተሰምቷል። ስለ ባሕር በር በሚነሣው ውይይትም ተማሪው አቀማመጥን ከፖሊሲ ለይቶ ማየት ካልቻለ፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ካርታ መብት የሚሰጥ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስረጃን ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት በአካባቢው በርካታ አሮጌ ሕንፃዎች ፈርሰዋል። የድሉ መታሰቢያ የጦር ሜዳውን ታሪክ ይነግራል። ከድሉ በኋላ በውልና በንግድ የተደረገውን ረጅም ትግል የሚነግሩት ግን ሱቆቹ፣ ባንኩና ሆቴሎቹ ነበሩ። ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የቀሩት ሕንፃዎች በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግበው ለትምህርት ቤቶች እንዲደርሱ፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎችም ሥፍራውን በእግራቸው እየዞሩ እንዲያጠኑ ቢያደርጉ፣ የውጭ ግንኙነት ትምህርት ከግድግዳ ካርታ ወርዶ ተማሪው በየቀኑ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ሊሰጥ ይችላል።