ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፈው ስስ ንጣፍ እንዴት ይሠራል?

ሱፐርኮንዳክተር እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታወቀው የይትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ይህን ጠባይ የሚያሳየው ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ፣ ለከብት ማዳቀያ የሚውል የኮርማ አባለዘር በሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጂን ሊቀዘቅዝ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር አሰላለፉ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው በጥቂት ዲግሪ እንኳ ከተዛነፉ፣ በወሰናቸው ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ክፉኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ንጣፉ የአተሞቹ ርቀት ከእርሱ ጋር በሚቀራረብ ክሪስታል ላይ፣ ለምሳሌ በስትሮንቲየም ታይታኔት ላይ፣ እንዲያድግ ይደረጋል። አነስተኛ ኦክስጅን ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሌዘር ጨረር ቁሱን ያተናል፤ ትነቱም ከ700 እስከ 800 ዲግሪ በጋለው ክሪስታል ላይ አርፎ፣ ፈር እንደያዘ በሬ የሥሩን አሰላለፍ ይከተላል። ሲቀዘቅዝ በቂ ኦክስጅን ካልጠጣ ግን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሴራሚክ ሆኖ ይቀራል።