ለቀጥታ ኳስ የጎበጠ ፊት

የጎልፍ ዕቃ መደብር ገብቶ «ኳሷን ቀጥ አድርጎ የሚመታ ድራይቨር ስጡኝ» የሚል ሰው ቀላል ነገር የጠየቀ ይመስለዋል። ሻጩም መልስ አያጣም፤ የዘንድሮውን ያወጣለታል። ጥያቄው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የስኮትላንድ እንጨት ጠራቢዎች፣ አንድ የኤድንብራ የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ አንድ የኢሊኖይ ነጋዴና የጨዋታው ሕግ አውጪዎች ተራ በተራ ሊመልሱት ሞክረዋል። ታሪካቸውን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እያንዳንዳቸው የደረሱበት ነገር ዛሬ መደርደሪያው ላይ በተሰቀለው ዱላ ውስጥ አለ፤ ያንን ያላወቀ ገዢ ምን እየገዛ እንደሆነ አያውቅም ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ተጫዋቹ በከረጢቱ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል። ድራይቨር ከሁሉም ረጅሙና ራሱ ትልቁ ሲሆን፣ ከትንሽ ችካል ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ አርቆ ለመላክ ያገለግላል። አርቆ መላክ ደግሞ ዕዳ አለው። 230 ሜትር የምትሄድ ኳስ ስትነሣ በ1 ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ መጨረሻ ላይ 4 ሜትር ከመሥመሯ ወጥታ ታርፋለች። 3 ዲግሪ ከሆነማ 12 ሜትር ነው። ይህ እንግዲህ አየር ላይ ምንም ሳትታጠፍ ነው፤ ከታጠፈች ዛፍ መሐል ገብታ መፈለግ ነው።

የጥንቱ የስኮትላንድ ዱላ ራሱ ቀጭን፣ ረዘም ያለና አፍንጫው የሾለ ነበር። ለብቻው ተጠርቦ ከዘንጉ ጋር ይጣበቅና በክር ይታሰራል። በላባ ለተሞላችው የቆዳ ኳስ ይህ ይበቃ ነበር። ከ1848 ገደማ ጀምሮ ግን ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ጠንካራ ኳስ መጣች፤ ቀጭኑን ራስ ትሰብረው ጀመር። ጠራቢዎቹ ራሱን አሳጠሩት፣ አደለቡት። በ1880ዎቹ ደግሞ ፊቱን ወደ ውጭ አጎበጡት። «በልጀር» ይባል ነበር። ሄንሪ ላም ነው የጀመረው፣ የለም ዊሊ ፓርክ ታናሹ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ።

መቼም ነገሩ ግራ ያጋባል። ቀጥ ያለ ምት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ጠፍጣፋ ማድረግ አልነበረበትም እንዴ? ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው። ኳሷ የዱላውን መሐል ስታ ጫፉ ላይ ስታርፍ፣ ራሱ በክብደቱ ማዕከል ዙሪያ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ የዱላው ፊትና ኳሷ እንደ ሁለት ማርሽ ጥርስ ለጥርስ ይያያዛሉ፤ አንዱ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ሌላዋ በተቃራኒው ትዞራለች። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው በጫፉ ከመታት ኳሷ ወደ ግራ እየታጠፈች ትሄዳለች። ፊቱ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ከመሐል ተነሥታ ግራ ትወጣ ነበር። የጎበጠው ፊት ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ያያል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ትነሣና ታጥፋ ወደ መሐል ትመለሳለች። በተረከዙ በኩል ሲመታ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለበጣል።

ዛሬም ማንኛውንም ድራይቨር አንሥታችሁ ፊቱ ላይ ማስመሪያ ብታስደግፉ ጉብታውን ታዩታላችሁ። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሐሳብ ይኸው ነው። ዱላው የሰውየውን እጅ አላረመም፤ እጁ መሳቱ እንደማይቀር ተቀብሎ ለስሕተቱ መመለሻ መንገድ አበጀለት።

ኳሷ ለምን እንደምትታጠፍ በአግባቡ ያስረዳው ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ጎልፍ ካላገኘ የማይሆንለት ሰው ነበር። በዘመኑ ሽክርክሪት የመጥፎ ምት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ቴት ኳሷ ላይ ጠፍጣፋ ጥብጣብ አስሮ አስመታት፤ ከዚያ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደተጠመዘዘ ቆጠረ። በ1890ዎቹ ባወጣቸው ጽሑፎች ያሳየው ይህንን ነው፦ በደንብ የተመታች ኳስ ወደ ኋላ በፍጥነት ትሽከረከራለች፤ አየር ላይ ደግፎ የሚያቆያትም ይኸው ሽክርክሪት ነው። የሽክርክሪቱ ዘንግ ወደ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ ያው ደጋፊው ኃይል ኳሷን ወደ ጎን ይጎትታታል። የሚያበርራትና የሚያጣምማት አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ አማተር ሻምፒዮን የሆነ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ተጫዋች ነበር። የብላክ ዋች ክፍለ ጦር መኮንን ሆኖ ወደ ቦር ጦርነት ዘመተና በየካቲት 1900 በ30 ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገደለ። አባቱ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1901 አረፈ። ስለ ኳስ በረራ የምናውቀው መሠረታዊ ነገር ሁሉ ከዚያ ቤት ወጥቷል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የቴት ትምህርት ለገዢ ሁለት ነገር ይነግራል። አንደኛው ሎፍት የሚባለው፣ የዱላው ፊት ወደ ኋላ ጋደል የሚልበት ማዕዘን ነው። ጋደል ባለ ቁጥር የኋልዮሹ ሽክርክሪት ይጨምራል፤ የጎኑ ዝንባሌ በድርሻው ያንሳል። ስለዚህ የ12 ዲግሪ ድራይቨር ከ9 ዲግሪው ይልቅ ቀጥ ማለት ይቀናዋል። ሁለተኛው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላይ ክፉኛ የምትታጠፍ ኳስ በአዲስ አበባው የጎልፍ ሜዳ ያን ያህል አትታጠፍም። ደጋፊው ኃይልም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ከውጭ ተለክቶ የመጣ ዝቅተኛ ሎፍት ያለው ዱላ እዚህ ላይስማማ ይችላል።

ቀጥሎ የዘንጉ ተራ መጣ። የሂከሪ እንጨት ዘንግ ሲመቱበት ይጠማዘዛል፤ ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉም አይገኙም። ተጫዋቾች እንደ ጋብቻ ዕድሜ ልክ ፈልገው አንዱን ያገኙና ሲሰበር ያለቅሳሉ። የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በ1924፣ የቅዱስ አንድሩስ ክለብ ደግሞ በ1929 የብረት ዘንግ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዘንግ ደጋግሞ ማውጣት ቻለ። ዛሬ የምት ወጥነት የምንለው ነገር ገሚሱ የተጫዋቹ ልምምድ ከሆነ ገሚሱ የዚያ ብረት ሥራ ነው።

ራሱ ግን ገና እንጨት ነበር፤ ፐርሲመን ከሚባል ጠንካራ የአሜሪካ ዛፍ ይጠረብ ነበር። በ1979 የጎልፍ ዕቃ ሻጭ የነበረው ጋሪ አዳምስ 24,000 ዶላር ተበደረና ኢሊኖይ ውስጥ ቴይለርሜድን መሠረተ። ይዞት የወጣውም አንድ ዱላ ነው፦ ባለ 12 ዲግሪ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ድራይቨር። ብዙዎች ሳቁ። በ1981 ሮን ስትሬክ በብረት ድራይቨር የፒጂኤ ውድድር አሸነፈ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

ብረቱ የበለጠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። እንጨት ክብደቱ እምብርቱ ላይ ነው፤ ባዶ ብረት ግን ክብደቱን ወደ ዳር ያወጣዋል። በትከሻው ዱላ አጋድሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ጀሪካን ያንጠለጠለን ሰው አስቡት፤ ገፋ ብታደርጉት በቀላሉ አይዞርም። ጀሪካኖቹን ደረቱ ላይ ቢያቅፋቸው ግን ወዲያው ይዞራል። ካርስተን ሶልሃይም የተባለው መሐንዲስ ይህንኑ ሐሳብ በ1959 በፓተር ላይ ሠርቶበት ነበር። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የሚባለው ይኸው ነው፦ ዱላው ከመሐል ውጭ ሲመታ አልዞርም የሚልበት መጠን።

ከዚያ ራሱ ማበጥ ጀመረ። በ1991 ካላዌይ 190 ሲሲ ገደማ የሆነውን ቢግ በርታ አወጣ፤ ስሙ የተወሰደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መድፍ ነው። በ1993 በርንሃርድ ላንገር በእንጨት ድራይቨር ማስተርስን ሲያሸንፍ የእንጨት ዘመን የመጨረሻው ትልቅ ድል ሆነ። በ1995 ቲታኒየም መጣ፤ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ራሱ ሳይከብድ እንዲያድግ አስቻለ። ሕግ አውጪዎቹ ደነገጡና ወሰን አበጁ፦ ይዘቱ ከ460 ሲሲ፣ በቋሚው ዘንግ ዙሪያ ያለው የመዞር እምቢታው ከ5,900 ግራም በካሬ ሴንቲሜትር እንዳያልፍ፤ ለሁለቱም ለልኬት ስሕተት የሚሆን ትንሽ መፈናፈኛ አላቸው። ከ2024 ወዲህ ማስታወቂያዎች «10 ሺሕ» የሚሉት ግን የሁለት አቅጣጫ ድምር ነው፤ ሕጉ የሚገድበው አንዱን ብቻ ነው።

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ 2007 አሳይቷል። በዚያ ዓመት ክብደቱን እስከ ማዕዘኑ ለመግፋት አራት ማዕዘን የሆኑ ድራይቨሮች ገበያ ወጡ። በወረቀት ላይ ወደር አልነበራቸውም። ነገር ግን መልካቸው ለዓይን አልለመድ አለ፤ የአንዳንዱ ድምፅ ድስት የወደቀ ይመስል ነበር። ቅርጹ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። የሚያሳፍረውን ዱላ ዘና ብሎ የሚመታ ሰው የለም።

በዚያው ዘመን የራዳር መለኪያ ተስፋፋ። ኳሷ በዋናነት የምትነሣው የዱላው ፊት ወደሚያይበት እንደሆነ፣ የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱና ዱላው የሚጓዝበት መንገድ ሲለያዩ እንደሆነ አረጋገጠ። ብዙ አሠልጣኞች ለዓመታት በተቃራኒው ሲያስተምሩ ኖረው ነበር።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? ከዚህ ሁሉ እኔ የምወስደው ጥቂት ነው። ራሱ ትልቅና አልዞርም ባይ ይሁን። በሎፍት አትኩራሩ፤ 10 ተኩል ወይም 12 ዲግሪ መያዝ ነውር የለውም። ዘንጉ አይርዘም፤ የእንጨቱ ዘመን ድራይቨር ከ43 ኢንች ብዙ አያልፍም ነበር፣ የዛሬው ግን ከ45 በላይ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ያች ሁለት ኢንች ለርቀት የተጨመረች ናት፤ ቀጥ ማለት የሚፈልግ ሰው ሊያስቆርጣት ይችላል። ዘወትር ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ደግሞ ክብደቱ ወደ ተረከዙ የተጠጋውን ይሞክር።

ከሁሉም በላይ መደብሩ ውስጥ ስትሞክሩ ሻጩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያችሁን ከሁሉ የራቀችውን ኳስ እርሷት። ዐሥር ምቱና ከሁሉ የከፉትን ሦስቱን ተመልከቱ፤ የት ወደቁ? መሐሉን ያገኘች ኳስ በመቶ ዓመት ዕድሜ ባለው ፐርሲመንም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከበልጀር ጀምሮ የተለፋው፣ ገንዘባችሁንም የምትከፍሉት ለእነዚያ ለሦስቱ ነው።