የሰውነት ፈሳሽና የኤሌክትሮላይት መዛባት

የሰውነት ፈሳሽና የኤሌክትሮላይት መዛባት ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ላብ የሰውነትን ውኃ ከነጨዋማ ንጥረ ነገሮቹ ሲያሟጥጥ የሚከሰት የጤና እክል ነው። በአገራችን አተት እየተባለ በሚጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ከሁሉም በላይ በኮሌራ፣ ደህና የነበረ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚጠፋው ውኃ ብቻ አይደለም። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ ሆድ ይነፋል፣ የልብ ምት ይዛባል። ባይካርቦኔት ከተቅማጡ ጋር ሲወጣ የደም አሲድነት ስለሚጨምር ሕመምተኛው በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል የሚገኘው ሶዲየም ግን ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል፤ ብዙ ፈሳሽ ያጣ ሰው ውኃ ብቻ አብዝቶ ሲጠጣ ይወርዳል፣ ለሕፃን ጨው የበዛበት ብጥብጥ ሲሰጥ ደግሞ ይንራል። ሁለቱም አንጎልን ስለሚነኩ ሕመምተኛው ሊፈዝ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል።

የጎደጎዱ ዓይኖች፣ የደረቀ አፍና የሽንት ማነስ ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ጤና ባለሙያ በሕፃኑ እምብርትና ጎን መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል፤ ቆዳው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። በምግብ እጥረት እጅግ በከሳ ሕፃን ላይ ግን ይህ ምልክት ያሳስታል።

ለአብዛኛው ሕመምተኛ መድኃኒቱ በአፍ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት የሚመከረው ቅንብር በአንድ ሊትር ውኃ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና ያንኑ ያህል ግሉኮስ ይይዛል። ልኩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ኮሌራ እንኳ ይህን በር አይዘጋውም። ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ ሕንድ በተሰደዱት ቤንጋላውያን መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅበት ይህን ዓይነት ብጥብጥ በስፋት ሰጥቶ ሞትን በእጅጉ ቀንሷል።

ብዙ ሰው «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ይላል። ግሉኮስ ብቻ ግን የጠፋውን ሶዲየምና ፖታሲየም አይተካም። መጠጣት ላቃተው ወይም ራሱን ለሳተ ሕመምተኛ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት በኪሎ ግራም 100 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 70 በሁለት ሰዓት ተኩል። ለጨቅላዎች ይዘገያል፤ በምግብ እጥረት ለተጎዱት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት መጥባቱን ማቋረጥ የለበትም። መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።