የኩላሊት ንቅለ ተከላና የኢንፌክሽን የጊዜ ሰሌዳ በጉለሌ

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ታስቦ በጉለሌ የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያካሂድ፣ ከቀዶ ሕክምናው ጥበብ ጋር አንድ የጊዜ ሰሌዳም አብሮ ተረክቧል። ይህ ሰሌዳ ንቅለ ተከላ የተደረገለትን ሰው በየትኛው ወር የትኛው ኢንፌክሽን እንደሚያሠጋው የሚያመለክት ሲሆን፣ ያሳተሙትም በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ሩቢንና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት ባዕድ መሆኑን ለይቶ ስለሚዋጋው፣ ሕሙማኑ እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የመከላከል አቅምን የሚገቱ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ፤ በጤነኛ ሰው ላይ ጉልበት የማያገኙና በዚህ መዳከም የሚነሡ ተሕዋስያን የሚያስከትሏቸው ሕመሞችም አጋጣሚ ጠባቂ ኢንፌክሽኖች ይባላሉ። የመድኃኒቱ ጫና እስኪጠራቀም ጊዜ ስለሚወስድ፣ በመጀመሪያው ወር የሚበዙት የቁስል፣ የሽንት ቧንቧና የሳንባ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ናቸው። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር ግን በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የኖረው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ሳንባን የሚያጠቃው ኒሞሲስቲስ የተባለው ፈንገስና የተተከለውን ኩላሊት የሚጎዳው ቢኬ ቫይረስ ይነሣሉ። ከስድስተኛው ወር በኋላ የመድኃኒቱ መጠን ስለሚቀንስ፣ ኩላሊቱ በደኅና የሚሠራለት ሰው ይበልጡን የሚያሠጋው በኅብረተሰቡ ውስጥ የተለመደው ሕመም ነው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለኢትዮጵያ ሐኪሞች እንግዳ አልነበሩም፤ ኒሞሲስቲስን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል ንቅለ ተከላው ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲያዝዙ ኖረዋል።

ሰሌዳው በኢትዮጵያ ምድር በእጅጉ የሚፈተነው በሳንባ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳ ባክቴሪያ በብዙ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያው ዓመትም ሆነ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊነቃ ይችላል፤ ሰውነት ኩላሊቱን ሲገፋና መድኃኒቱ ዳግም ሲጨመር ደግሞ የሥጋቱ ዘመን እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ሰሌዳው የሚለካው የቀናትን ብዛት ሳይሆን የመከላከል አቅምን መዳከም ነው ማለት ይቻላል። ሕክምናውም ቢሆን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ዋናው የነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ የታክሮሊመሱ መጠን በደም ምርመራ እየታየ ካልተስተካከለ ነቀርሳው ሲድን ኩላሊቱ ሊጠፋ ይችላል። በጉለሌ ኩላሊት የሚለገሰው በሕይወት ካለ ሰው በመሆኑ ቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ በቀጠሮ ይያዛል፤ ይህም ለጋሹንም ተቀባዩንም ከዕለቱ በፊት ለነቀርሳ ለመመርመር ፋታ ይሰጣል።