ሐውልቱን የተቀበለው መንደርደሪያ

ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ጋዜጦቻችን የአክሱም ሐውልት ከሮም የተመለሰበትን ቀን ያነሣሉ። ሐውልቱን የተቀበለው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ አውሮፕላን ማረፊያ ግን እምብዛም አይነሣም፤ የራሱ ታሪክ ያለው ቦታ ነውና ዛሬ እሱን እናንሣ።

የሐውልቱ ጉዞ የታወቀ ነው። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር እስከ ምጽዋ በየብስ አጓጉዞ፣ ከዚያ በመርከብ ጭኖ ወሰደው። በ1939 ዓ.ም. ጣሊያን በሰላም ውሉ ልትመልስ ፈርማ ሃምሳ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ለመመለስ ስትዘጋጅ ደግሞ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት የምጽዋ በር ተዘግቶ ነበር። 24 ሜትር የሚረዝመውና ወደ 160 ቶን የሚመዝነው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በግዙፉ አንቶኖቭ 124 መምጣት ግድ ሆነበት። አክሱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል፤ ከባድ አውሮፕላን ለማረፍም ለመነሣትም ይቸገራል። ስለዚህ ማለዳው ተመረጠ። ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው ክፋይ አረፈ፤ ሚያዝያ 14 እና 17 ቀሪዎቹ ተከተሉ።

ያ መንደርደሪያ ነው በ2013 ዓ.ም. ተቆፍሮ የታየው።

በዚያ ዓመት የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 24 ሌሊት ሲጀመር የሰሜን አየር ማረፊያዎች የውጊያው አካል ሆኑ። ኅዳር 4 ሌሊት ጎንደርና ባሕር ዳር በሮኬት ተመቱ፤ ህወሓትም መምታቱን አልካደም። የአክሱሙ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የፌዴራሉ ሠራዊት ከተማዋን መያዙን ባስታወቀ ሰሞን የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ምስሉን አሳዩ፤ አስፋልቱ በአግድም ተቆፍሯል፣ አፈሩ ተከምሯል። መንግሥት ህወሓት ሲሸሽ ያወደመው ነው አለ። የህወሓት አመራር በበኩሉ ማረፊያው አልወደመም፣ የሠራዊቱን ግስጋሴ ለማዘግየት መሰናክል ነው የተደረገበት ሲል መለሰ።

ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ መንደርደሪያው ሆን ተብሎ ከአገልግሎት እንዲወጣ መደረጉን ሁለቱም አይክዱም። የሚለያዩት በጉዳቱ መጠን ነው። ድንጋይ ቢደረደርበት በአንድ ቀን ይነሣል። የተቆረጠ አስፋልት ግን ከሥሩ ተጠቅጥቆ ካልታደሰ የአውሮፕላን ጎማ አይሸከምም። ምስሉ ያሳየው ደግሞ ቁፋሮውን ነው፤ መሰናክል የሚለው ማስተባበያ ይህን አይሸፍንም። ተጠያቂነቱ ግን በዚያ ሳምንት አያበቃም። ከዚያ በኋላ ማረፊያው በማን እጅ እንደቆየና ምን እንደደረሰበትም መጠየቅ አለበት።

ማረፊያው በተዘጋ በቀናት ውስጥ፣ ኅዳር 19 እና 20፣ በዓለ ጽዮን ዋዜማ ላይ የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ መገደላቸውን ገልጿል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመቶዎች የሚቆጠሩ ብሏል። ስልክ ተቋርጧል፣ አውሮፕላን የለም። ወሬው ወደ ዓለም ለመድረስ ሳምንታት ፈጀበት።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት የሚነገረው ጥቂት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 የመቀሌ በረራ ቀጠለ፤ ሽሬም ተከተለ። አክሱም ግን የጥገና ተራ ጠብቃ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ተከፈተች። ማረፊያው ከተዘጋ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ኑሮው በጎብኚና በምእመን ለተመሠረተ ከተማ ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም፤ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ የእጅ ሥራ ሻጩ ሁሉ ዋጋ የከፈሉበት ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የላሊበላ በረራ ተቋረጠ። የአንዱ ክልል ቁስል ሳይሽር በሌላው ተደገመ ማለት ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም ማረፊያ የነበሩ የጥበቃ፣ የጥገናና የቲኬት ሠራተኞች ዛሬም አሉ። ያዩትን ሳይረሳ ይጻፉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የጉዳቱንና የጥገናውን ሰነድ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።